የ8 ዓመት ልጄ የደም ግፊት ከምን መጣ?

በቤታችን «ግፊት» የሚለው ቃል የእናቴ ብቻ ነበር። ጠዋት ክኒኗን ትውጣለች፤ በሳምንት አንድ ሁለት ቀን ደግሞ ወንድሜ የገዛላትን የኤሌክትሪክ መለኪያ ክንዷ ላይ ጠምጥማ ቁጥሩን በደብተር ታስጽፈኛለች። እኔም የደም ግፊት ዕድሜ ሲገፋ፣ ወይም ሐሳብና ንዴት ሲበዛ የሚመጣ የአዋቂዎች ሕመም እንደሆነ አምን ነበር። ባለፈው ዓመት ጥቅምት መግቢያ ላይ ግን የ8 ዓመት ልጄን ሌሊት በተኛበት አንቀጠቀጠውና ራሱን ሳተ። ሆስፒታል ስናደርሰው ምክንያቱ የደም ግፊቱ ከመጠን በላይ መጨመሩ እንደሆነ ተነገረኝ። ከዚያ ሌሊት በፊት በነበሩት 10 ቀናት ውስጥ ምልክቶቹን ሁሉ በዓይኔ እያየሁ፣ ምን እንደሆኑ ባለማወቄ አንድ በአንድ አልፌያቸዋለሁ። ይህን የምጽፈው ሌላ ወላጅ እንዳያልፋቸው ብዬ ነው።

የምንኖረው ኮምቦልቻ ነው። ነሐሴ ውስጥ ልጄንም ታናሽ እህቱንም የጣታቸው መሐልና እግራቸው ላይ እያሳከካቸው ሌሊቱን ሲያኩ ያድሩ ነበር። ልጄ ያከከው ቦታ ቆሰለ፤ መግል ቋጠረ፤ ከዚያም ማር የመሰለ ቢጫ ቅርፊት ሠራ። ከፋርማሲ ቅባት ገዝቼ ቀባሁት፣ ጂቪ የሚባለውን ወይን ጠጅ የቁስል መድኃኒትም አደረግኩበት፣ መስከረም ሲጠባ ደረቀለት። ቁስሉ ሲደርቅ ነገሩ ያለቀ መሰለኝ።

መስከረም ሊያልቅ ሲል ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነሣ የዓይኑ ዙሪያ ያብጥ ጀመር፤ ከሰዓት በኋላ ግን ይቀንስለታል። ጎረቤታችን «ፊቱ ሞላለት እኮ፣ ክረምቱ ተስማምቶታል» ስትለኝ ደስ ብሎኝ ተቀበልኩ። ቀጥሎ ራሱን ያመው ጀመር። እናቴ «ምች መትቶታል» ብላ ዳማ ከሴ ጨምቃ በቡና አጠጣችው። ከሁለት ቀን በኋላ ራሱ መጥቶ ሽንቱ ኮካ እንደሚመስል ነገረኝ፤ ሄጄ ሳየው በእርግጥም እንደ ወፍራም ሻይ ጠቁሯል፣ መጠኑም ትንሽ ነው። እኔ ይህን ያመጣው ውሃ አለመጠጣቱ ነው ብዬ ስላሰብኩ ውሃ እየደጋገምኩ አጠጣው ነበር። ኩላሊቱ ውሃ ማስወጣት ባቃተው ሰዓት ውሃ መጨመሬ ሕመሙን እንዳባባሰው የተረዳሁት ዘግይቼ ነው።

ማስታወክ ሲጀምር ወደ ጤና ተቋም ወሰድኩት። ወቅቱ የወባ ስለነበር ደሙ ለወባ ታየ፣ ሰገራውም ተመረመረ፤ የራስ ምታት ማስታገሻና የትላትል መድኃኒት ተሰጥቶን ተመለስን። ግፊቱን የለካው ሰው የለም፤ ሽንቱም አልታየም። ስለ ሽንቱ ቀለም ስላልተጠየቅኩ አልተናገርኩም፤ ስለ እግሩ ቁስልማ የሚያገናኘው ነገር ይኖራል ብዬ አላሰብኩም። ሁለቱን ነገር በአንድ ዓረፍተ ነገር ብናገር ኖሮ ምናልባት የሚጠረጥር ባለሙያ ይገኝ ነበር ብዬ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

የዚያን ዕለት ማታ አንድ ነገር አደረግሁ፤ ብዙ ቤት ውስጥ ሊደገም የሚችል ስሕተት ስለሆነ በዝርዝር ልጻፈው። የእናቴን መለኪያ አንሥቼ ልጄን ለካሁት። ማሰሪያው ቀጭን ክንዱ ላይ ሁለት ጊዜ ያህል ዞረ፤ ከብብቱ እስከ ክርኑም ሸፈነው። ማሽኑ 116 በ74 አለ። እናቴ «ከእኔ እኮ ይሻላል» አለች፤ እኔም ከ120 በታች ነው ብዬ ተረጋግቼ አስተኛሁት። ስሕተቱ ሁለት ነበር። የመጀመሪያው፣ ማሰሪያው ለክንዱ ሰፊ ሲሆን ማሽኑ ከትክክለኛው ያነሰ ቁጥር ያሳያል፤ በተቃራኒው ጠባብ ማሰሪያ ወፍራም ክንድ ላይ ሲታሰር ቁጥሩን ያንረዋል። በውስጡ ያለው አየር የሚሞላው ክፍል ስፋቱ ከክንዱ ዙሪያ 40 በመቶ ያህል፣ ርዝመቱ ደግሞ ከ80 እስከ 100 በመቶ መሆን አለበት። ሁለተኛው፣ 120 በ80 የአዋቂ ቁጥር ነው። የልጅ ግፊት የሚመዘነው በዕድሜው፣ በፆታውና በቁመቱ ከእኩዮቹ ጋር ተነጻጽሮ ነው፤ ከ100 እኩዮቹ የ95ቱን ግፊት የሚያህል ወይም የሚበልጥ ሆኖ በተለያዩ ሦስት ቀጠሮዎች ከተገኘ የደም ግፊት አለበት ይባላል። ለ8 ዓመት ልጅ 107 በ69 ራሱ «ይህን ልጅ በደንብ እንየው» የሚያሰኝ ቁጥር ነው። ስለዚህ እኔን ያረጋጋኝ 116፣ በተሳሳተ ማሰሪያ እንኳ ተለክቶ፣ ለልጄ ከፍተኛ ነበር። ዕድሜው 13 ከሆነ በኋላ ብቻ ነው እንደ አዋቂ ከ120 በታችና ከ80 በታች የሚጠበቅበት።

ሌሊት 9 ሰዓት ላይ አንቀጠቀጠው። እናቴ ጠበል እየረጨች ስትጸልይ እኔ ልጄን በጎኑ አስተኝቼ መኪና የሚለምንልኝ ሰው ፍለጋ ወጣሁ። ሆስፒታል ስንደርስ ድንገተኛ ክፍል የነበረችው ሲስተር መጀመሪያ የያዘችውን ማሰሪያ ክንዱ ላይ አስጠግታ አየችውና መልሳ ሰቀለችው፤ ከመሳቢያ ውስጥ ሌላ፣ የመዳፌን ስፋት የማያህል ትንሽ ማሰሪያ አውጥታ በቀኝ ክንዱ ለካችው። 152 በ104። ደግማ ለካችና ዶክተሩን ጠራች። ከዚያ በኋላ የሆነው ፈጣን ነበር፤ መንቀጥቀጡን የሚያቆም መርፌ፣ በደም ሥር ላሲክስ የሚባል የሚያሸና መድኃኒት፣ ሲነቃ ደግሞ ግፊት የሚያወርደው ኒፈዲፒን። ግፊቱ በአንድ ጊዜ ከወረደ አንጎሉ ደም ሊያንሰው ስለሚችል በሰዓታት ውስጥ ቀስ እያለ መውረድ እንዳለበት ነገሩኝ፤ ሌሊቱን ሙሉ በየጊዜው እየመጡ ይለኩት ነበር።

ጠዋት ላይ ሐኪሙ ጥያቄ ጀመረ። የመጀመሪያው ጥያቄ «እናት፣ ባለፉት ሳምንታት ጉሮሮውን አሞት ወይም ቆዳው ቆስሎ ያውቃል?» የሚል ነበር። ከዚያ በፊት ስለ ቁስሉ የጠየቀኝ ሰው አልነበረም። የሽንት ምርመራው ደምና ፕሮቲን አሳየ። የሰጡኝን ማብራሪያ እንደገባኝ ልጻፍ፦ ስትሬፕቶኮከስ የተባለው ተሕዋሲ ቶንሲልን ወይም የተቋሰለ ቆዳን ሲያጠቃ ሰውነት ይዋጋዋል። በዚህ ውጊያ ውስጥ የሚፈጠሩት ነገሮች በአንዳንድ ልጆች ላይ የኩላሊትን ጥቃቅን ማጣሪያዎች ያስቆጣሉ። ማጣሪያዎቹ ሲያብጡ ጨውና ውሃ በሰውነት ውስጥ ይቀራል፤ ፊት ያብጣል፣ ሽንት ይቀንሳል፣ ደም ስለሚቀላቀልበትም ይጠቁራል፤ የተትረፈረፈው ፈሳሽም የደም ግፊትን ሽቅብ ይገፋዋል። ከጉሮሮ ሕመም በኋላ ከሆነ ከአንድ እስከ ሁለት ሳምንት፣ ከቆዳ ቁስል በኋላ ከሆነ ደግሞ ከሦስት እስከ ስድስት ሳምንት ይፈጅበታል። ወላጅን የሚያሳስተው ይህ ክፍተት ነው፤ ኩላሊቱ መታመሙን ሲያሳይ ቁስሉ ድኖ ተረስቷል።

ፔኒሲሊን ተሰጠው፤ ነገር ግን ሐኪሙ መድኃኒቱ የተቆጣውን ኩላሊት እንደማያድነው፣ የሚሰጠው በሰውነቱ የቀረውን ተሕዋሲ አጥፍቶ ወደ ሌሎች ልጆች እንዳይተላለፍ መሆኑን በግልጽ ነገረኝ። እህቱን አምጥቼ እንዳስመረምርም አዘዘኝ። የሁለቱም ማሳከክ እከክ ሆኖ ተገኘ፤ በቤቱ ያለን ሁላችን፣ የማያሳክከንም ጭምር፣ በአንድ ቀን ማታ ቢቢኤል የሚባለውን ቅባት ከአንገት በታች ተቀብተን አደርን፣ ልብስና አንሶላው በፈላ ውሃ ታጠበ። የእሷ ግፊትም ሽንቷም ደህና ነበር።

ሆስፒታል የተኛነው 9 ቀን ነው። ለአስታማሚ የሚከብደው ሕክምናው ሳይሆን ክልከላው ነበር። ልጄ በቀን የሚጠጣው ውሃ በኩባያ ተለክቶ ነው፤ ያንን የሚወስነው ትናንት የሸናው መጠን ስለሆነ ሽንቱን በሃይላንድ እያጠራቀምኩ መስመር አሰምርበት ነበር። «ከንፈሬን ብቻ» እያለ ሲለምነኝ ጨርቅ አርጥቤ አስነካዋለሁ። ሊጠይቁን የመጡ ዘመዶች እንደ ወጋችን ሙዝና ብርቱካን ይዘው መጡ፤ ሲስተሯ ግን ኩላሊቱ በደከመ ጊዜ በፍራፍሬ ውስጥ ያለው ፖታሲየም ደም ውስጥ ተጠራቅሞ ልብን ሊጎዳ እንደሚችል ነግራ ከፊቱ አስነሣችው። በየጠዋቱ ይመዘናል፤ የገባ ቀን 27.5 ኪሎ ነበር፣ ስንወጣ 24.2። ጎረቤቴ «ሞላለት» ያለችው 3.3 ኪሎ ውሃ ነበር ማለት ነው።

ጨው ላይ ትንሽ ልቆይ። «ጨው የሌለው ምግብ ስጪው» ስባል ቀላል መስሎኝ ነበር፤ ወጥ ስሠራ ጨው አለመጨመር ብቻ ይበቃል ብዬ። ሽሮውን ጨው ሳልጨምር ሠርቼ ስቀምሰው ግን ጨው አለው። የእኛ ሽሮም በርበሬም ሲዘጋጅ ጨው ገብቶበት አብሮ ይፈጫል፤ ዳቦ ቤት የሚሸጠው ዳቦም፣ የሾርባው ቅመምም እንደዚያው ነው። እናቴ ለእሱ ብቻ ጨው የሌለበት ሁለት ኪሎ ሽሮ ለብቻው አዘጋጅታ አስፈጨችለት፤ ጣዕሙን በነጭ ሽንኩርትና በኮረሪማ ታካክሰዋለች። ያንን ሽሮ አሁን እናቴም ትበላዋለች፤ የእሷ ሐኪም ለዓመታት ሲነግራት የነበረውን ነገር ማድረግ የቻለችው ለልጁ ብላ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ በቀን ከ5 ግራም በታች ጨው ይመክራል፤ ይህ አንድ የሻይ ማንኪያ እንኳ አይሞላም፤ ለልጅ ደግሞ ከዚያም ያነሰ ነው።

በክፍሉ ውስጥና ከዚያ በኋላ በክትትል ቀናት ያገኘኋቸው ወላጆች የልጅ የደም ግፊት ምክንያቱ አንድ እንዳልሆነ አስተማሩኝ። አጠገባችን የተኛችው ልጅ በሽንቷ ፕሮቲን የሚፈስባት የኩላሊት ሕመም ነበረባት፤ ግፊቷ የጨመረው በሕመሙ ብቻ ሳይሆን ለእሱ በምትወስደው ፕሬድኒሶሎን በሚባል የስቴሮይድ መድኃኒትም ጭምር ነበር። የእሷ መድኃኒት በሐኪም ቁጥጥር ስር ስለሆነ አይቋረጥም፤ ልጅ እንዲወፍር ተብሎ ያለ ማዘዣ የሚገዛው ዴክሳሜታዞን ግን ያው ዓይነት መድኃኒት ስለሆነ ወላጆች እንዲጠነቀቁ እለምናለሁ። የሌላ ሕፃን እናት ልጇ ከዓመት በፊት ትኩሳት እየተመላለሰበት በጉንፋን ስም ሲታከም እንደቆየ፣ የሽንት ቧንቧ ኢንፌክሽን መሆኑ ሲታወቅ ኩላሊቱ ላይ ጠባሳ እንደቀረ አጫወተችኝ። ምክንያቱ ያልታወቀ ትኩሳት ባለበት ሕፃን ሽንት ማስመርመር ይህን ያህል ዋጋ እንዳለው አላውቅም ነበር።

ሐኪሙ ከአንዱ አልጋ ወደ ሌላው ሲሄድ የእያንዳንዱን ልጅ ብሽሽት በሁለት ጣቱ ሲዳስስ አይ ነበር። አንድ ቀን ምን እንደሚፈልግ ጠየቅኩት። ከልብ የሚወጣው ትልቁ የደም ቧንቧ፣ አኦርታ፣ ከልደት ጀምሮ በአንድ ቦታ ጠብቦ የሚወለድ ልጅ አለ፤ ከጠባቡ ቦታ በላይ ያለው ክንድ ግፊቱ ይንራል፣ ከዚያ በታች ያለው እግር ደግሞ ደም ያንሰዋል። ስለዚህ የብሽሽቱ የደም ሥር ትርታ ይደክማል፤ ልጁም ሲሮጥ እግሩን ያመዋል። እንዲህ ዓይነቱ በቀዶ ሕክምና ወይም ቧንቧውን በማስፋት የሚስተካከል ስለሆነ እንዳያመልጥ በጣት መዳሰስና የእግርን ግፊት ከክንድ ጋር ማወዳደር ያስፈልጋል። ግፊት በቀኝ ክንድ የሚለካበት አንዱ ምክንያትም ይኸው ነው፤ የጠበበው ቦታ ወደ ግራው ክንድ በሚሄደው ቧንቧ አጠገብ ከሆነ የግራው ክንድ የተሳሳተ ዝቅተኛ ቁጥር ሊሰጥ ይችላል።

ያለ ጊዜው ወይም በጣም አነስተኛ ክብደት ይዞ የተወለደ ልጅም ሊታሰብበት ይገባል። ኩላሊቱ የሚሠራባቸው ማጣሪያዎች የሚፈጠሩት በማኅፀን ውስጥ፣ በተለይም በመጨረሻዎቹ ወራት ስለሆነ ቀድሞ የተወለደ ልጅ በቁጥር ያነሰ ማጣሪያ ይዞ ሊያድግ ይችላል። ጤናማ ልጅ ከ3 ዓመቱ ጀምሮ በዓመት አንድ ጊዜ ግፊቱ ቢለካ ይመከራል፤ እንዲህ ላሉትና የኩላሊት ወይም የልብ ችግር ላለባቸው ልጆች ግን ከዚያ በፊት ይጀመራል።

በአጠቃላይ ልጁ ትንሽ በሆነ ቁጥር፣ ቁጥሩም ከፍ ባለ መጠን ከግፊቱ ጀርባ ሌላ ሕመም የመኖሩ ዕድል ይበዛል፤ አብዛኛውን ጊዜም ኩላሊት ነው። ዕድሜያቸው ከፍ ያሉት ጋ ግን ነገሩ ይለያል። በክትትል ቀን ያገኘነው አንድ የ14 ዓመት ልጅ ምንም የሚያመው ነገር አልነበረም፤ ግፊቱ የተገኘው ለሌላ ጉዳይ መጥቶ ሲለካ ነው። አባቱም አያቱም የደም ግፊት አለባቸው፤ ልጁ ክብደቱ ከፍ ያለ ነው፤ ትምህርት ቤት በመኪና ሄዶ በመኪና ይመለሳል፤ ከለስላሳና ከቺፕስ አይለይም፤ ሌሊት ደግሞ ያንኮራፋል። በእንቅልፍ ውስጥ ትንፋሽ እየተቆራረጠ የሚያንኮራፋ ልጅ ግፊቱ ሊጨምር ስለሚችል ቶንሲሉ እንዲታይለት ተላከ። የታዘዘለት የመጀመሪያ ሕክምናም መድኃኒት አልነበረም፤ ክብደት፣ እንቅስቃሴና ምግብ ነበር። እኛ አካባቢ አንድ ተጨማሪ ነገር አለ፤ ለጥናት ይረዳል እየተባለ ከጓደኞቻቸው ጋር ጫት የሚቅሙ ታዳጊዎች አሉ፣ የኃይል ሰጪ መጠጥም ይጨምሩበታል። ሁለቱም የልብ ምትንና ግፊትን ይጨምራሉ። ልጄ እዚያ ዕድሜ ላይ ሳይደርስ ይህን በቤታችን በግልጽ መነጋገር ጀምረናል።

ከሆስፒታል ስንወጣ የተማርኩት አለካክ ይህ ነው፦ ልጁ ሳይሮጥ፣ ሽንት ሳይዘው፣ ጀርባውን ደገፍ አድርጎ፣ እግሩን መሬት አስረግጦ 5 ደቂቃ ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ ቀኝ ክንዱ በልቡ ትክክል ጠረጴዛ ላይ ያርፋል፤ ማሰሪያው በራቁት ክንድ ላይ ይታሰራል። ሐኪም የፈራ ወይም ያለቀሰ ልጅ ቁጥሩ ከፍ ይላል፤ ለዚህም ነው በአንድ ቀን ልኬት የማይፈረደው። ፊት ማበጥ፣ የጠቆረ ሽንት፣ ከማስታወክ ጋር የመጣ ራስ ምታት፣ የዓይን መደብዘዝ ወይም መንቀጥቀጥ ካለ ግን ሁለተኛና ሦስተኛ ቀጠሮ አይጠበቅም። ልጄ ከመንቀጥቀጡ በፊት በነበረው ቀን ሰሌዳው ላይ የተጻፈው እንደተደበላለቀበት አስተማሪው በኋላ ነግሮኛል።

ወደ ጤና ተቋም ስትሄዱ የግፊት ልኬትና የሽንት ምርመራ ጠይቁ። «የልጅ ማሰሪያ አላችሁ?» ብሎ መጠየቅ ድፍረት አይደለም፤ እኔ ከጠየቅኩባቸው ቦታዎች በአንዱ ከመደርደሪያ አናት ላይ አቧራው ተራግፎ ወርዷል።

የግፊት መድኃኒቱ በ4ኛው ሳምንት ቆመ። ፕሮቲኑ ቀድሞ ጠፋ፤ በዓይን የማይታየው፣ በማይክሮስኮፕ ብቻ የሚገኘው ደም ግን እስከ 7ኛው ወር ቆየ። ሐኪሙ አንዳንዴ ዓመትና ከዚያም በላይ ሊቆይ እንደሚችል፣ አብዛኞቹ ልጆች ግን ሙሉ በሙሉ እንደሚድኑ አስቀድሞ ስለነገረኝ በየወሩ ውጤቱን ስቀበል እንደ መጀመሪያው አልደነገጥኩም። ወንድሜ ከአዲስ አበባ ለልጅ ክንድ የሚሆን ማሰሪያ ገዝቶ ላከልን። በእናቴ ደብተር ከኋላ ጀምሬ ለሁለቱ ልጆች ገጽ ከፍቻለሁ፤ በልጄ ገጽ የመጨረሻው መስመር ላይ የተጻፈው 98 በ60 ነው፣ ከጎኑም የሚቀጥለው የሽንት ምርመራ ቀጠሮ፦ ሐምሌ 12።